የስልክ ኩባንያዎ ከሌላ ጋር ሲዋሃድ፦ ልቆይ? ልቀይር? ቁጥሬስ? — ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት የቴሌኮም ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ዜናው የሚያወራው ስለ ባለአክሲዮኖችና ስለ ቢሊዮኖች ነው። ደንበኛው የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነው። ስልኬ ነገ ይሠራል? የምከፍለው ይጨምራል? ቁጥሬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? እዚህ የተሰበሰቡት እንደነዚህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹ ከተለያዩ አገሮች የተወሰዱ ሲሆን ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩባንያዬ ሊዋሃድ ነው ሲባል ሰማሁ። አሁኑኑ ልቀይር?

አይቸኩሉ። ከዜናው እስከ ውህደቱ ድረስ ረጅም መንገድ አለ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ይመረምሩታል፣ አንዳንዴም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ቲ-ሞባይል እና ስፕሪንት ሊዋሃዱ መሆኑን ያስታወቁት በኤፕሪል 2018 ነበር። ነገሩ የተጠናቀቀው በኤፕሪል 2020 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው። ጭራሽ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2011 መጀመሪያ ላይ ቲ-ሞባይልን ሊገዛ ተስማምቶ ነበር፤ የአገሪቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከሰሰ፣ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሐሳቡን ተወው።

እስከሚጸድቅ ድረስ ሁለቱ ኩባንያዎች ተፎካካሪ ናቸው። ውልዎም፣ ሲምዎም፣ ዋጋዎም እንደነበረ ይቀጥላል። በዚህ ወቅት አንድ ነገር ብቻ እመክራለሁ፦ ረጅም ውል አይፈርሙ። በቅናሽ ስልክ ይሰጡዎትና ለሁለትና ለሦስት ዓመት ያስሩዎታል። ኩባንያው ነገ ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ እጅን መስጠት አያስፈልግም።

ጸድቋል። አሁን መጀመሪያ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አይለወጥም። ስሙ እንኳ ሊቆይ ይችላል። በእንግሊዝ ኦሬንጅ እና ቲ-ሞባይል የተዋሃዱት በ2010 ነው፤ ኢኢ የሚለው ስም ለደንበኞች የቀረበው በ2012 ነበር። በህንድ ቮዳፎን እና አይዲያ በ2018 ተዋሃዱ፣ ቪአይ የሚለው ስም የመጣው በ2020 ነው። ስለዚህ የሱቁ ሰሌዳ አልተቀየረም ማለት ከበስተጀርባ ሥራ የለም ማለት አይደለም።

አንዳንዴ መጀመሪያ የሚሰማዎት ጥሩ ለውጥ ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ደንበኞች አንዳቸው የሌላውን አንቴና መጠቀም ይጀምራሉ፤ ኔትወርክ የማይዝበት ቦታ ላይ መያዝ ይጀምራል። ችግር የሚበዛው የሂሳብ መዝገቡ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ሲዛወር ነው። ቅናሽ ይጠፋል፣ ያልጠየቁት ጥቅል ይጨመራል፣ ከባንክ በቀጥታ የሚቆረጠው ክፍያ ይቋረጣል ወይም ሁለቴ ይቆረጣል። የድሮው አፕ ሲዘጋ የድሮ ደረሰኞችዎም አብረውት ሊጠፉ ይችላሉ። አሁን፣ አፑ ገና ሳይዘጋ፣ የጥቅልዎን ዝርዝርና ያለፉትን ጥቂት ወራት ደረሰኞች ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ። በኋላ «እኔ እኮ ይህን ያህል ነበር የምከፍለው» ሲሉ ማስረጃ በእጅዎ ይኖራል።

ስልኬ በአዲሱ ኔትወርክ ይሠራል?

ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። ከሁሉም ጥያቄዎች ይበልጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይሄ ነው። ዋጋ ቢጨምር ደረሰኙ ላይ ያዩታል፤ ይከራከራሉ ወይም ይለቃሉ። ኔትወርክ ሲዘጋ ግን ስልኩ ድንገት ዝም ይላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለት ኩባንያዎች ሁለት ኔትወርክ ይዘው ነው የሚመጡት። ሁለቱንም ማስኬድ ውድ ነው። በዚያ ላይ የድሮው ኔትወርክ የያዘው የሬዲዮ ሞገድ ለአዲሱ ይፈለጋል። ስለዚህ አንዱ ይዘጋል። ስፕሪንት ለድምፅ ጥሪ ሲዲኤምኤ የሚባለውን ቴክኖሎጂ ይጠቀም ነበር፣ ቲ-ሞባይል ደግሞ ከእሱ ጋር የማይግባባው ጂኤስኤም የተባለው ቴክኖሎጂ ቤተሰብ ነው። ከውህደቱ በኋላ የስፕሪንት ሲዲኤምኤ ኔትወርክ ከማርች 31 ቀን 2022 ጀምሮ መዘጋት ጀመረ። የስፕሪንት 4ጂም ከጁን 30 ጀምሮ ተከተለው። ቀደም ብሎ ቲ-ሞባይል በ2013 ከሜትሮፒሲኤስ ጋር ሲዋሃድም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ የሜትሮፒሲኤስ ሲዲኤምኤ ኔትወርክ በ2015 ተዘጋ። አንዳንድ ሰው ምንም ያልተበላሸ ስልኩን ለመቀየር ተገደደ።

እንዴት ያረጋግጣሉ? ስልክዎ ላይ *#06# ብለው ይጻፉ። አሥራ አምስት አኃዝ ያለው አይኤምኢአይ የሚባል መለያ ቁጥር ይመጣል። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ድረ ገጻቸው ላይ ይህን ቁጥር አስገብተው ስልኩ መስማማት አለመስማማቱን የሚያዩበት ቦታ አላቸው። በደንብ መጠየቅ ያለብዎት ደግሞ ስልኩ በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ ማድረግ ይችል እንደሆነ ነው፤ ቮልቲ ይሉታል። ስክሪኑ ላይ 4ጂ የሚል ምልክት ስላለ ብቻ አይተማመኑ። ብዙ ስልኮች ዳታውን በ4ጂ እየጫኑ፣ ጥሪ ሲመጣ ወደ ድሮው 2ጂ ወይም 3ጂ ይወርዳሉ። የድሮው ከተዘጋ ኢንተርኔት ያለው ግን ሰው የማይደውልበት ስልክ ይዘው ይቀራሉ።

ሲም ያለው ዕቃ ሁሉ ስልክ እንዳልሆነም አይርሱ። የመኪና መከታተያ፣ የቤት ማንቂያ ደወል፣ የሱቅ የካርድ መክፈያ ማሽን፣ አረጋውያን አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት የአደጋ ጊዜ መጥሪያ። እነዚህ ሲቋረጡ ማንም ቶሎ አያስተውልም።

እናቴና አባቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የሚጠቀሙት። እነሱስ?

መጀመሪያ የእነሱን ይመልከቱ፣ የራስዎን በኋላ። ኔትወርክ ሲዘጋ ቀድመው የሚጎዱት አሮጌ ስልክ የያዙ ሰዎች ናቸው። ኩባንያው የሚልከው ማስጠንቀቂያም በሚሴጅ ወይም በኢሜይል ነው፣ እነሱ ደግሞ ላያነቡት ይችላሉ። ሄደው ስልኩን ያዩላቸው። መቀየር ካለበት ከመዘጋቱ ከሳምንታት በፊት ይቀይሩላቸው፣ እስኪለምዱት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የተመዘገቡት ስልክ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ያሉት ሲሙ ላይ ነው፤ አሮጌውን ሲም ከመጣልዎ በፊት ወደ አዲሱ ስልክ ይገልብጡላቸው፣ ወረቀት ላይም ይጻፉላቸው።

የድሮው ዋጋዬ ይቆይልኛል?

ውልዎ የጊዜ ገደብ ካለው አዲሱ ባለቤት ውሉን ከነግዴታው ይረከባል። የኩባንያው ባለቤት ስለተቀየረ ብቻ ውል አይፈርስም፤ ለእርስዎም፣ ለእነሱም። የጊዜ ገደብ ከሌለው ወይም ካበቃ ግን የድሮው ጥቅል በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል።

ተቆጣጣሪዎች ውህደት ሲፈቅዱ አንዳንዴ ዋጋ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ። ቲ-ሞባይል ስፕሪንትን ለማግኘት ሲል ለሦስት ዓመት የነበሩትን ወይም የተሻሉ ዋጋዎች እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶ ነበር። በእንግሊዝ የቮዳፎን እና የስሪ ውህደት በ2024 መጨረሻ ሲፈቀድም የተወሰኑ ጥቅሎች ዋጋ ለሦስት ዓመት እንዲገደብ ተደርጓል። ሁለቱም ጋ ያለውን ነገር ልብ ይበሉ፦ ጊዜው ያልቃል። እኔ ብሆን ቃሉ የሚያበቃበትን ወር ካላንደር ላይ አስቀምጬ፣ ያን ጊዜ ገበያውን እንደገና አያለሁ።

ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ውሉን እርስዎን በሚጎዳ መንገድ ከቀየረስ? በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት፤ እርስዎም ያለ ቅጣት መውጣት ይችላሉ። በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ መብት ሊኖር ይችላልና «ውልዎ ላይ ለውጥ አድርገናል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሳያነቡ አያጥፉት። የመውጫው በር ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው የተጻፈው፣ ቀነ ገደብም አለው።

ቁጥሬን ሳልቀይር ኩባንያ መቀየር እችላለሁ?

በብዙ አገር አዎ። ሲንጋፖር በ1997 ጀመረችው። አሜሪካ ለሞባይል በኖቬምበር 2003 ፈቀደች፣ ህንድ በመላ አገሪቱ በ2011፣ ኬንያም በዚያው ዓመት፣ ናይጄሪያ በ2013። አገልግሎቱ ያለበት አገር ካሉ የቀድሞው ኩባንያ ደስ ባይለውም ቁጥሩን መልቀቅ ግዴታው ነው። አገልግሎቱ በሌለበት ግን ኩባንያ መቀየር ማለት ቁጥር መቀየር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው ይበዛል፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ያለብዎት ዕዳ ነገሩን ያግዳል ወይ የሚለው እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ዕዳ አለብህ ብሎ ቁጥር መያዝ አይቻልም፤ ዕዳው ግን ይከተልዎታል። ህንድ ውስጥ የመክፈያ ቀኑ ያለፈ ሂሳብ ካለ ዝውውሩ ይከለከላል።

እሺ፣ ዝውውሩን እንዴት ነው የማደርገው?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይሄን ያስታውሱ፦ የድሮውን መስመር መጀመሪያ አይዝጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተናዶ ይደውልና «መስመሬን ዝጉልኝ» ይላል። ከዚያ ወደ አዲሱ ኩባንያ ሄዶ «ቁጥሬን አምጡልኝ» ሲል፣ ቁጥሩ የእሱ መሆኑ አብቅቷል። የሚዛወረው በሥራ ላይ ያለ ቁጥር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከዘጉ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ወር የማዛወር መብት አለ፤ ሌላ ቦታ ግን ተስፋ አያድርጉበት።

ትክክለኛው አካሄድ ወደ አዲሱ ኩባንያ መሄድ ነው። ዝውውሩን የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ሲያልቅ የድሮው መስመር በራሱ ይዘጋል። እርስዎ የሚያዘጋጁት ቁጥሩ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 65075 ሚሴጅ ልከው ለ30 ቀን የሚያገለግል ኮድ ይወስዳሉ። ህንድ ውስጥ ወደ 1900 ነው የሚላከው። ፈረንሳይ ውስጥ 3179 ላይ ይደውላሉ። አሜሪካ ውስጥ የአካውንት ቁጥርና ለዝውውር ብቻ የሚሰጥ ፒን ይጠየቃሉ፤ አፑን ለመክፈት የሚጠቀሙበት ፒን ከዚህ የተለየ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ከውህደት በኋላ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሂሳብዎ ወደ አዲሱ ሲስተም ሲዛወር የአካውንት ቁጥርዎ ሊቀየር ይችላል። የድሮውን ቁጥር ከሰጡ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል፣ ምክንያቱን የሚነግርዎ ሰውም ላያገኙ ይችላሉ። የቅርብ ጊዜውን ደረሰኝ ይዘው ይሂዱ። ስምዎና አድራሻዎም በድሮው ኩባንያ መዝገብ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ከነስህተቱም ቢሆን፣ መሆን አለበት። መስመሩ በባለቤትዎ ወይም በወንድምዎ ስም ከሆነ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ለምን ያህል ጊዜ ያለ ስልክ እቆያለሁ?

ብዙ ጊዜ ለሰዓታት ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ለተለመደ ዝውውር የተቀመጠው ጊዜ አንድ የሥራ ቀን ነው። በመካከል ግራ የሚያጋባ ሰዓት ይኖራል፤ በአዲሱ ሲም መደወል ይችላሉ፣ የሚደወልልዎት ግን አሁንም ወደ ድሮው ይሄዳል። ሚሴጅ ከጥሪው ዘግይቶ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በበዓል ዋዜማ ወይም የባንክ ኮድ በሚጠብቁበት ቀን አይጀምሩ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ጥሩ ነው። ቢበላሽ የሚያነጋግሩት ሰው ሥራ ላይ ይሆናል።

ስልኬን በየወሩ እየከፈልኩ ነው የወሰድኩት። ሎክም ነው (የሌላ ኩባንያ ሲም አይቀበልም)።

የስልኩ ቀሪ ክፍያና የመስመሩ ውል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስመሩን ሲለቁ ቀሪው በአንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል፤ በየወሩ ሲያገኙት የነበረው ቅናሽም ይቆማል። ይህን ደምረው ነው መወሰን ያለብዎት። በወር ጥቂት ለመቆጠብ ብለው በአንድ ቀን ብዙ መክፈል ትርፍ የለውም።

ሎኩን በተመለከተ ካናዳ ከዲሴምበር 2017፣ እንግሊዝ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ የተቆለፈ ስልክ መሸጥ ከልክለዋል። የእርስዎ ከተቆለፈ ከመልቀቅዎ በፊት ያስከፍቱት። ደንበኛ ሆነው ሲጠይቁና ከለቀቁ በኋላ ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ አንድ አይነት አይደለም።

ወደ የትኛው ልሂድ? ሁሉም እየተዋሃዱ ነው እኮ።

በዚህ የሚናደዱ ሰዎች እውነት አላቸው። አራት የነበሩ ሦስት ሲሆኑ ምርጫ ይጠባል። ተቆጣጣሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዴ በጠፋው ቦታ አዲስ ኩባንያ እንዲገባ ያደርጋሉ። ጣሊያን ውስጥ ዊንድ እና ስሪ ሲዋሃዱ የፈረንሳዩ ኢሊያድ ገብቶ በ2018 ሥራ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ የስፕሪንት የነበረው ቡስት ሞባይል ዲሽ ለተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያ የተሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ የገባ ደንበኛ ስለሚፈልግ ዋጋው ይስባል፤ የኔትወርክ ሽፋኑ ግን ገና እየተሠራ ሊሆን ይችላል።

የራሳቸው አንቴና የሌላቸው፣ ከትልልቆቹ ኔትወርክ ተከራይተው የሚሸጡ ኩባንያዎችም አሉ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ርካሽ ናቸው። ነገር ግን በማን ኔትወርክ እንደሚሠሩ ይጠይቁ። የሸሹት ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ከሆነና አዲሱም በዚያው ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ የተለወጠው ስም ብቻ ነው። የሸሹት ዋጋውን ከሆነ ግን ያው ኔትወርክ በርካሽ ዋጋ ጥሩ ነገር ነው። ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ግን የእነሱ ደንበኛ ከዋናው ኩባንያ ደንበኛ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ሊያገኝ ይችላል።

የሽፋን ካርታ አይተው አይወስኑ። ስልክዎ ሁለት ሲም ወይም ኢሲም (ካርድ የማያስፈልገው፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) የሚቀበል ከሆነ የአዲሱን ርካሽ የቅድመ ክፍያ ሲም ገዝተው ከድሮው ጎን ለጎን ይሞክሩት። መኝታ ቤት ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ አሳንሰር አካባቢ፣ ማታ ሁሉም ሰው ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓት። ቁጥርዎን የሚያዛውሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የሞላሁት ካርድና ሞባይል ላይ ያለው ገንዘቤስ?

የሞሉት ካርድ አብሮዎት አይሄድም። በአውሮፓ ኅብረት ከጠየቁ ይመለስልዎታል፤ ሌላ ቦታ ከመዛወርዎ በፊት ተጠቅመው ይጨርሱት። የሞባይል ገንዘብ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሂሳቡ የኩባንያው ከሆነ መስመሩን ሲለቁ ሊቆለፍ ይችላል። ገንዘቡን አውጥተው ወይም ወደ ባንክ አስተላልፈው ባዶ መሆኑን አይተው ይሂዱ።

ቁጥሬ ከተቀየረ ባንክ፣ ቴሌግራም፣ ኢሜይል ምን ይሆናሉ?

ቁጥሩን ይዘው ከተዛወሩ ምንም አይሆኑም። ቁጥሩ ከተቀየረ ግን አሮጌው ሲም ገና እየሠራ ሳለ ሁሉንም ይቀይሩ፤ ምክንያቱም ለመቀየር የሚያስፈልገው ኮድ የሚላከው ወደ አሮጌው ሊሆን ይችላል። ባንክ ይቅደም፣ ኢሜይል ይከተል፣ ከዚያ ቴሌግራምና ዋትስአፕ፤ ሁለቱም ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አላቸው። የተጣለ ቁጥር ለዘላለም ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 45 ቀን ከቆየ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ሰው የእርስዎን የባንክ ኮድ ሲቀበል ማሰብ በቂ ነው።

«በውህደቱ ምክንያት ሲምዎ ይዘጋል፣ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት መጣ።

አይጫኑት። አጭበርባሪዎች እንዲህ ያለ ወቅት ይወዳሉ፣ ምክንያቱም ደንበኛው እውነተኛ መልእክትም እየጠበቀ ነው። የሚፈልጉት ፒንዎን ወይም የዝውውር ኮድዎን ነው። ያንን ከሰጧቸው ቁጥርዎን ወደ ራሳቸው ሲም አዛውረው የባንክ ሂሳብዎን ይከፍታሉ። መልእክቱ እውነት መሆኑን ለማወቅ አፑን ራስዎ ይክፈቱ ወይም ደረሰኙ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉ። ኩባንያዎ ቁጥር ያለ ፈቃድ እንዳይዛወር የሚቆልፍ አገልግሎት ካለው ያብሩት። ዝውውር ሳይጠይቁ ስልክዎ ድንገት ኔትወርክ ካጣ በሌላ ስልክ ወዲያው ወደ ኩባንያውና ወደ ባንኩ ይደውሉ።

ከተዛወርኩ በኋላ የድሮው ኩባንያ አሁንም ሂሳብ ይልክብኛል። ልክ ነው?

የመጨረሻ ሂሳብ አንድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ደጋግሞ ከመጣ ግን አካውንቱ ላይ ሌላ መስመር ቀርቶ ይሆናል። ዝውውሩ የሚዘጋው የተዛወረውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የታብሌቱ፣ የሰዓቱ ወይም የልጅዎ መስመር ካለ በራሱ አይዘጋም። ቁጥሩ አዲሱ ኩባንያ መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ ደውለው የቀሩትን ያዘጉ፣ የመዝጊያ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከባንክ በቀጥታ የሚቆረጠውን ክፍያ የመጨረሻው ሂሳብ ከተከፈለ በኋላ ያቋርጡት። ካልተስማሙ ቅሬታዎን መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ ያስገቡና የቅሬታ ቁጥር ይቀበሉ። ወደ አገሩ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት እሱን ነው።